የውሃ ስኪ ባለውለታዎቹን እንዴት ያከብራል?

የውሃ ስኪን ማን ጀመረው ለሚለው ጥያቄ ስፖርቱ ራሱ መልስ የሰጠው ከ44 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቁሟል፣ የዓለም ሻምፒዮናዎች ተካሂደዋል፣ ሻምፒዮኖች ነግሠው ወርደዋል። ጀማሪው ግን በሕይወት እያለ፣ እዚያው በተወለደበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ስሙን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። የስፖርቱ ሰዎች ዛሬ የዝና አዳራሽ አቋቁመው የሻምፒዮኖችንና የባለውለታዎችን ስም የሚመዘግቡበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ ሰው ታሪክ መነሳት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራልፍ ሳሙኤልሰን ይባላል። በ1922 ክረምቱ ወጥቶ ሙቀቱ ሲገባ 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በበረዶ ላይ መንሸራተት ከተቻለ በውሃ ላይስ ለምን አይቻልም ብሎ ተነሳ። ሌክ ሲቲ ከተማ አጠገብ ባለው የፔፒን ሐይቅ መጀመሪያ የበርሜል ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ ሞከረ፤ ሰመጠ። የበረዶ ስኪ ሞከረ፤ እሱም አልያዘም። በመጨረሻ ርዝመታቸው 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሆኑ ሁለት ሳንቃዎች ገዛ፣ ጫፋቸውን በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ አጎበጠ፣ ለእግሩ ማስገቢያ ጠፍር መታባቸው። ለገመድ የመስኮት ሲባጎ ተጠቀመ፤ ለመያዣ የብረት ቀለበት አሠራ። ወንድሙ ቤን ጀልባውን ነዳ። ለቀናት ከወደቀ በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠለት። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የስኪውን ጫፍ ከውሃው በላይ ሲያደርግ ጀልባው ቀጥ አድርጎ አነሳው። ይህ የሆነው በጁላይ መጀመሪያ 1922 ነው። ዛሬም ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ አነሳስ ነው።

ሳሙኤልሰን በዚያ አላበቃም። በ1925 ከውሃው ላይ ተንሳፋፊ መድረክ አዘንብሎ፣ ሳንቃው እንዲያንሸራትት የአሳማ ስብ ቀብቶ፣ በስኪ ለመዝለል የመጀመሪያው ሆነ። በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላንም ጎትቶታል። ነገር ግን የፈጠራ መብት አላስመዘገበም። በዚያው በ1925 ፍሬድ ዋለር የተባለ የኒው ዮርክ ሰው የራሱን የውሃ ስኪ አስመዝግቦ መሸጥ ጀመረ። በሲያትል በኩል ደግሞ ዶን ኢብሰን የራሱን ሠርቶ በሐይቅ ላይ ይንሸራተት ነበር። አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሳሙኤልሰን ጀርባው ላይ ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ስኪውን አቆመ፤ ወደ ተርኪ ዶሮ እርባታም ገባ። በ1963 አንዲት የሴንት ፖል ጋዜጠኛ ለዕረፍት ወደ ሌክ ሲቲ ሄዳ ከግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የድሮ ሳንቃዎች አይታ ጠየቀች። ጽሑፏ ወጣ፣ ሰዎች ማስረጃ አሰባሰቡ። የአሜሪካ የውሃ ስኪ ማኅበርም በ1966 ሳሙኤልሰንን የስፖርቱ አባት ብሎ በይፋ ዕውቅና ሰጠው። በ1977 ሲሞት ስሙ ተመልሶለት ነበር።

ጋዜጠኛዋ ሌላ ከተማ ሄዳ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ማሰብ ያሳዝነኛል። በአንድ ሰው ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ታሪክ ማለት ነው። የአሜሪካው ማኅበር በ1968 ለትምህርትና ለታሪክ ጥበቃ የሚሠራ ተቋም አቋቋመ። የዝና አዳራሹና ሙዚየሙ ከጊዜ በኋላ የተገነቡት በዚህ ተቋም ሥር ነው። መቀመጫው ማዕከላዊ ፍሎሪዳ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም ከየአገሩ የሚመረጡትን የሚያከብርበት የራሱ የዝና አዳራሽ አለው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ሜዳሊያ እያለ የዝና አዳራሽ ምን ያደርጋል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እኛ ኢትዮጵያውያን የአትሌቶቻችንን ስም የምናስታውሰው በኦሎምፒክ ነው። በ1972 በሙኒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ አምጥተዋል፤ መዝገቡ ዛሬም እዚያው አለ። በዚያው ኦሎምፒክ፣ በሰሜን ጀርመን ኪል ከተማ፣ የውሃ ስኪ ለማሳያ ያህል ቀርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ኦሎምፒክ አልተመለሰም። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሌለው ስፖርት ጀግኖቹን ዓለም እንዲያስታውስለት ሊጠብቅ አይችልም፤ ራሱ ማስታወስ አለበት። የዝና አዳራሹ ክብደትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ሻምፒዮኖቹ ምን እንደሚሠሩ እንይ። ውድድሩ ሦስት ዘርፍ አለው፤ የሦስቱ ድምር ደግሞ የአጠቃላይ አሸናፊ የሚባለውን ይወስናል።

የመጀመሪያው ስላሎም ነው። 259 ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ በግራና በቀኝ ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶች ይቀመጣሉ። ጀልባው በመሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስኪተኛው በአንድ ስኪ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ ስድስቱንም በውጭ በኩል መዞር አለበት። ለወንዶች የጀልባው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር፣ ለሴቶች 55 ነው። በ58 መስመሩ የሚያልቀው በ16 ሰከንድ ገደማ ነው። ስድስቱን ያለስህተት የዞረ ሰው ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ከደረሰ በኋላ ገመዱ ያጥርበታል። ከ18.25 ሜትር ተነስቶ ወደ 16፣ ወደ 14.25 እያለ እስከ 9.75 ድረስ ይወርዳል። ልብ ይበሉ፤ ኳሶቹ ያሉት ከመሃሉ መስመር 11.5 ሜትር ርቀው ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ርዝመት ገመዱ ኳሱ ጋ አይደርስም። ጉድለቱን ስኪተኛው በተዘረጋ ክንዱና ከውሃው ጋር ሊነካካ በተቃረበ አካሉ መሙላት አለበት። አሜሪካዊው ኔት ስሚዝ በ2013 በዚህ ርዝመት ሁለት ኳስ ተኩል ዞሮ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ለማያውቅ ሰው ሁለት ኳስ ተኩል ትንሽ ይመስላል።

ሁለተኛው የትርዒት ዘርፍ ነው። ሰፋ ባለ አጭር ስኪ ላይ በሁለት የ20 ሰከንድ ዙሮች መሽከርከር፣ መገለባበጥ፣ ገመዱን በእግር ይዞ መዞር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አለው። ሦስተኛው ዝላይ ነው። ወንዶች እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ወጥተው ይወረወራሉ። ጀልባው በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር ቢሄድም ስኪተኛው ከጎን ወደ ጎን ስለሚቆርጥ ተዳፋቱ ላይ ሲደርስ ከ100 ያልፋል። ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል፤ የሚያዘው ረጅሙ ነው።

በሦስቱም መብቃት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሊዝ አለን ሼተር ታሪክ ያሳያል። አሜሪካዊቷ በ1969 በኮፐንሃገን የዓለም ሻምፒዮና ስላሎሙን፣ ትርዒቱን፣ ዝላዩንና አጠቃላዩን ጠቅልላ ወሰደች። ከእሷ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ የዓለም ሻምፒዮና አራቱን የያዘ የለም፤ ወንዶችም ጭምር። ከወንዶች አሜሪካዊው ሳሚ ዱቫል ከ1981 እስከ 1987 አራት ተከታታይ ሻምፒዮናዎችን በአጠቃላይ አሸነፈ። ከዚያ ፈረንሳዊው ፓትሪስ ማርታን ተራውን ያዘና ከ1989 እስከ 1999 ስድስት ጊዜ ደጋገመው። ከሁሉም በፊት ደግሞ በ1949 በፈረንሳይዋ ጁዋን ሌ ፓን በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች አሸናፊ የሆነችው ዊላ ወርዚንግተን አለች። እሷን ለየት የሚያደርጋት ከውድድር ውጭ የሠራችው ነው። በፍሎሪዳው ሳይፕረስ ጋርደንስ የስኪተኞችን የቡድን ትርዒት አቀናብራለች፣ አልባሳቱን ነድፋለች።

ሳይፕረስ ጋርደንስን ካነሳን ባለውለታዎቹ ውስጥ ገብተናል። ዲክ ፖፕ ይህን የአትክልት መዝናኛ በ1936 ከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጋዜጣ የወጣ የስኪ ፎቶ ያዩ ወታደሮች ትርዒቱ ስንት ሰዓት ነው ብለው መጡ። የፖፕ ሚስት ጁሊ ትርዒት የለም ብላ አልመለሰቻቸውም፤ ልጆቿንና ጓደኞቻቸውን ሰብስባ አቀረበችላቸው። ከዚያ ጀምሮ ትርዒቱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ የብዙ ሻምፒዮኖች መፈልፈያም ሆነ። ጁሊ የዓለም ዋንጫ አላነሳችም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለስፖርቱ ከብዙ ዋንጫዎች የበለጠ ሠርታለች። በዊስኮንሲን ቶሚ ባርትሌትም እንዲሁ ነው። በ1953 የጀመረው የውሃ ስኪ ትርዒት እስከ 2020 ዘልቋል፤ እሱ ራሱ መጀመሪያ ስኪ ላይ የቆመው ግን በ70 ዓመቱ ነው ይባላል።

ጀልባ ሠሪዎቹም አሉ። ፈጣን ጀልባ ሁሉ ለስኪ አይሆንም፤ ከኋላው የሚተወው ማዕበል ከፍ ካለ ስኪተኛውን እያነጠረ ይጥለዋል። በ1968 ሮብ ሸርሊ የተባለ በቴነሲ የስኪ ትምህርት ቤት የነበረው ሰው የገበያው ጀልባዎች ስላላረኩት ማዕበሉ ዝቅ የሚል የራሱን ሠራ፤ ማስተርክራፍት የተባለው ድርጅት የተነሳው ከዚያ ነው። ካናዳውያን ደግሞ ፍጥነትን በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር መሣሪያ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት የነጂው እግር ትንሽ ከተሳሳተ የስኪተኛው ውጤት ይበላሽ ነበር።

ክብር አሰጣጡ ግን ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። በባዶ እግር ስኪ የመንሸራተት ጀማሪነት ለብዙ ጊዜ ለዲክ ፖፕ ልጅ ለዲክ ፖፕ ጁኒየር ተሰጥቶ ነበር፤ በ1947 ፎቶ የተነሳው እሱ ስለሆነ። በኋላ ግን ኤ ጂ ሃንኮክ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ በዚያው በፍሎሪዳ፣ ዊንተር ሄቨን ከተማ ቀድሞ እንዳደረገው ታወቀ። ፎቶ ያለው ሰው ይታወሳል፣ የሌለው ይረሳል። ምርጫ የሚያደርጉ ሰዎች ምስክር ፈልገው መጠየቅ ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ከስህተት በኋላ መዝገብ ማረምም አዲስ ሰው የመሸለምን ያህል ክብር አለው ብዬ አምናለሁ።

የሚቀረኝ ቅሬታ ስለ ዳኞችና ስለ ጀልባ ነጂዎች ነው። ተወዳዳሪ ላልሆኑ ሰዎች የተለየ የአገልግሎት ሽልማት መኖሩ ጥሩ ነው። ሆኖም በየውድድሩ ፀሐይ ላይ ማማ ላይ ተቀምጠው ነጥብ የሚይዙት፣ የዝላይ ርቀት የሚለኩት፣ ጀልባ የሚነዱት ሰዎች ቁጥር ከሚከበሩት ጋር አይመጣጠንም። ብዙዎቹም ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። በሚቀጥለው ጊዜ የስላሎም ውድድር በስልክዎ ሲያዩ መጀመሪያ ዓይንዎን ጀልባው ላይ ያድርጉ። ስኪተኛው ከክብደቱ በሚበልጥ ኃይል ወደ ጎን እየጎተተው ጀልባው በጠባቧ መስመር ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ካዩ፣ መሪውን የያዘውን ሰው ስም ፈልገው ያንብቡ።