ትሪፓ በአዲስ አበባ ድስት

የጣሊያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ገልጦ ቤቱ ትሪፓ፣ ማለትም የከብት ጨጓራ በስልስ፣ የሞከረ የአዲስ አበባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው በአንድ ነገር ነው፤ ጨጓራው አይበስልም። መጽሐፉ አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል፣ በሰዓቱ ሲቀመስ ግን ጥርስ አይደፍረውም። ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። ሮም ወይም ፍሎረንስ ሥጋ ቤት የሚሸጠው ጨጓራ ታጥቦና ነጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ ተቀቅሎ ነው። እኛ የምንገዛው ጥሬውን ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጨጓራ የሚለሰልሰው ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ሲለወጥ ነው፤ ሙቀቱ ዝቅ ካለ ለውጡም ይዘገያል።

ስለዚህ መቀቀሉ ለብቻ፣ ስልሱ ለብቻ ይሠራል።

የግሪኮች ሱፐርማርኬት ስሙን በሰጠው በባምቢስ ሰፈር ለሚኖር ሰው ግዢው አያስቸግርም። የወይራ ዘይት፣ የቆርቆሮ ቲማቲምና ደረቅ የጣሊያን አይብ የሚፈለገው የውጭ ሸቀጥ ከሚይዙ መደብሮች ነው። ጨጓራው ግን የሥጋ ቤት ነገር ነው፤ በፍስክ ቀን ማለዳ፣ ቢቻል ከዋዜማው ታዝዞ። ወፍራሙን ክፍልና እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይን ያለውን ይምረጡ፤ ስልስ የሚይዘው እሱ ነው። ሽንፍላውን ለዚህ ምግብ ባይነኩት ይሻላል። እጥፋቱን ገላልጦ ለማጥራት የሚያልቀው ጊዜ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይበልጣል።

አጠባውን ዱለት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጨጓራው እጅ በሚያቃጥል ነገር ግን ባልፈላ ውኃ ይነከርና ጥቁሩ ልባስ በቢላዋ ይፋቃል። ውኃው ከፈላ ልባሱ ይጣበቅና አልላቀቅ ይላል። ከዚያ በጨውና በሎሚ፣ ወይም በአቼቶ እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ጠረኑን የሚያጠፋው ይህ እንጂ ኋላ የሚነሰነስ ቅመም አይደለም። ለ10 ደቂቃ ያህል ቀቅሎ የመጀመሪያውን ውኃ መድፋትም ይረዳል። በአዲስ ውኃ፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከካሮትና ከጥቂት ጨው ጋር ሲጣድ በተራ ድስት ሦስት ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በፕሬዠር ኩከር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱን ሳይሆን ሹካውን ይመኑ፤ ሹካ ሳይታገል ሲገባ በቅቷል። ውኃው አይደፋ፣ ስልሱ ይፈልገዋል።

የቀረው ደስ የሚል ሥራ ነው። ለአንድ ኪሎ ጨጓራ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና ሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ደቀው በወይራ ዘይት በዝግታ ይቁላላሉ፤ እንደ ወጥ ሽንኩርት መቅላት የለባቸውም። አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን ይጨመርና እስኪተን ይጠበቃል፣ አዋሽ ክሪስታል ይበቃል። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ የተላጠ ቲማቲም ይገባል። ሳልሳ ብቻውን ስልሱን ያከረዋል፤ ከተጨመረ አንድ ማንኪያ ነው። ጣት በሚያክል ስፋት የተቆራረጠው ጨጓራ ይከተልና ከመቀቀያው ውኃ እየተጨመረ በትንሽ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል።

ከዚህ በኋላ የከተማ ወግ ነው። ሮማውያን የናና ዘመድ የሆነ ቅጠልና ፔኮሪኖ የተባለውን የበግ ወተት አይብ ያደርጉበታል፤ ቅዳሜም የትሪፓ ቀናቸው ነው። በቴስታቾ ቄራ ሠራተኞች ከደሞዛቸው ከፊሉን በሆድ ዕቃ ይቀበሉ ነበርና ምግቡ የድሃ ሰፈር ምግብ ነው። ፍሎረንሶች ፓርሚጃኖ ይፈቀፍቁበታል፣ ሚላኖች ባቄላ መሰል ነጭ ቦሎቄ ይጨምሩበታል። ምግቡ እኛም ጋ ስሙን ይዞ የቀረው ከጣሊያኖች ነው። ስሟን ከእነሱ ያገኘችው የባምቢስ ጎረቤት ካዛንቺስም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው በሠሯቸው ቤቶች የተሰየመች ሰፈር ናት።

በርበሬና ቂቤ የሚያምረው ሰው ዱለት ይሥራ፤ ትሪፓ ላይ ሁለቱም ስልሱን ይሸፍኑታል። ቃሪያ ግን አይከለከልም። ሲቀርብ ከእንጀራ ይልቅ ፉርኖ ዳቦ ይስማማዋል፤ አድሮ ሲሞቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይጣፍጣል።