ጭቃ ነው ተብሎ የሚፈርስ ቤት

የአዲስ አበባው ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮች ሰፈር ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የ40/60 ኮንዶሚኒየሞቹም አሉ። ቦታውን የለቀቀላቸው ነባሩ የጭቃና የቆርቆሮ ሰፈር ነው። «ጭቃ አይደል፣ ምን ያስቆጫል?» የሚል ብዙ ነው። ይኸው አባባል በሌሎች ሰፈሮች የተረፉትንም አሮጌ ቤቶች እያስፈረሰ ስለሆነ ዝም ሊባል አይገባም።

«ያማረ አሮጌ ቤት ሁሉ የጣሊያን ሥራ ነው» ይባላል። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጣይቱ ሆቴል፣ የሼህ ሆጀሌ ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ያኔ ቆመው ነበር። ቤቶቹ በተሠሩበት ዘመን ከአገሬው አናጢዎች ጋር የሠሩት ሕንዶችና አርመኖች ነበሩ።

በረንዳውንና በጣሪያው ጠርዝ የተፈለፈለውን እንጨት አይቶ «የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ቤት ግልባጭ» የሚልም አለ። እዚህ ላይ ጥቂት እውነት አለ፤ ሕንዶቹ የመጡት እሷ ከምትገዛው አገር ነው፣ የቆርቆሮ ክዳንም የለንደን ፈጠራ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቆርቆሮው የመጨረሻውን መንገድ የመጣው በጭነት ከብት ጀርባ ነው። ግድግዳው ግን የራሳችን ነው።

«ጭቃ አይበረክትም» የሚለው ትልቁ ስሕተትም ያለው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ቋሚው እንጨት በማገር ይያያዛል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ቀናት ቦክቶ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ግድግዳው ከድንጋይ መሠረት በላይ ቆሞ፣ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ዝናቡን ካራቀለት ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የሚገድለው ውኃ ነው፦ የተበሳ ቆርቆሮ፣ የወደቀ አሸንዳ፣ ከፍ እያለ መጥቶ የግድግዳውን እግር የቀበረ አፈር። ለማሳመር የሚለጠፈው የሲሚንቶ ልስንም እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። ቤቱ በታደሰ ማግስት የሚሞተው በዚህ ነው።

«ድሮም የድሃ ጎጆ ነበር» የሚባለውም ለብዙዎቹ አይሠራም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የአንድ ቤተሰብ የነበረ ግቢ ለብዙ ተከራይ ተሸንሽኗል። ኪራዩ ዝቅተኛ ነበር፤ ጥገናውም ተረሳ። ስለዚህ አንድን አሮጌ ቤት የሚገመግም ባለሙያ ግድግዳውን ከመኮነኑ በፊት ጣሪያው ላይ ይውጣ፣ መሠረቱንም ቆፍሮ ይይ።