ዝም ያለውን ልጅ እንጠይቀው

አንድ ማታ ትምህርቱ አብቅቶ ደብተር ስንሰበስብ፣ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። «ልጆቼ፣ ለሰው ያልነገርኩት ጭንቅ አለብኝ» አሉን። ልጃቸው ሃያ ዓመቱ ነው። ድሮ ጨዋታ ይወድ ነበር። አሁን ከሰው ይሸሻል። ሌሊት አይተኛም። ብቻውን ያወራል። ዘመድ «እሰሩት» ይላል። እሳቸውም ጎረቤት እንዳይሰማ ብለው ለወራት ደበቁት።

እኛም «እማማ፣ አእምሮም እንደ ሆድ፣ እንደ ሳንባ ይታመማል። እርግማን አይደለም። የእርስዎም ጥፋት አይደለም» አልናቸው።

ይህ ሕመም በአገራችን ተጠንቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና የሥራ ባልደረቦቻቸው እዚሁ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞሩ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ምን አገኙ? ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙዎቹን የጀመራቸው በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ነው። ልጅ ለሥራና ለትዳር ሲደርስ ማለት ነው። ከመቶ ሕመምተኛ አሥሩ እንኳ መድኃኒት አላገኙም ነበር።

ትንንሽ ልጆችም ይጨነቃሉ። ልጅ «አዝኛለሁ» ማለት ላያውቅ ይችላል። «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ትቶት የነበረው ሽንት እንደገና ያመልጠዋል። ይህን ስናይ አንምታው። አጠገባችን አስቀምጠን «ምን ሆንክ ልጄ?» እንበለው። ሲናገርም አናቋርጠው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የልጁ ጠባይ ከተለወጠና ከሰነበተ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አንተወው፤ ዛሬውኑ እንውሰደው። ልጅን በሰንሰለት ማሰር ሕመሙን አያድንም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ልጆቻችንም የታመመ ሰው ሲያዩ «እብድ» ብለው ድንጋይ እንዳይወረውሩ እናስተምራቸው።

እኚያ እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ሕክምና ሄዱ። ልጁ ገና እየታከመ ነው፤ እንቅልፍ ግን መተኛት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት የቀጠሮ ካርዱን ይዘው መጡ። እኛ ልናነብላቸው እጃችንን ስንዘረጋ «ቆይ፣ ራሴ» አሉ። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አስኬዱና ቀኑን አነበቡት።