ማስተርሱ ጎንደር፣ ሰሊጡ መተማ

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፋችሁ፣ ስማችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተቀበላቸው ጋር ወጣ እንበል። እንኳን ደስ አላችሁ! ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ግን ከገንዳ ውኃ፣ ከቋራ ወይም ከመተማ ዮሐንስ ለሚነሳ ተማሪ ከሌላው ይለያል። ምዝገባው ብዙ ጊዜ የሚጠራው መኸር ላይ ነው። መኸር ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የቤተሰብ ኪስ የሚራቆትበት ወቅት ነው። ሰሊጡ ገና እየታጨደ፣ የአጫጁ ክፍያ እየወጣ ነው። ብሩ የሚገባው ሰሊጡ ተራግፎ ሲሸጥ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው የራሱ ካላንደር አለው፣ ቆላውም የራሱ። ሁለቱን ቀድሞ ያገጣጠመ ተማሪ ቶሎ ይረጋጋል። ያላገጣጠመው ግን ትምህርቱ ሳይከብደው ኑሮው ያሸንፈዋል።

ብሩ ከሰሊጡ ይቀድማል

በመጀመሪያ ዲግሪ ጊዜ ዶርሙም ካፌውም በወጪ መጋራት ተሸፍኖ ነበር። ማስተርስ ላይ ይህን አትጠብቁ፤ ዶርም ከተገኘ እሰየው። የምትማሩት በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት ከሆነ ደብዳቤው ማኅተም ያለውና ምን ምን እንደሚሸፍን በግልጽ የሚናገር ይሁን። “ይማር” ብቻ የሚል ደብዳቤ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በግላችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ተከፋፍሎ መከፈል ይችል እንደሆነ ከምዝገባው ቀን በፊት ሬጅስትራር ጠይቁ።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ወጪ ብቻ አስሉ፦ ምዝገባ፣ ኪራይ (አከራይ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል)፣ ምግብ፣ ባጃጅ፣ ፎቶ ኮፒ። ይህ ብር መስከረም ላይ እጃችሁ መግባት አለበት። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ከአሁኑ ዳኛውን አነጋግራችሁ ተራችሁን ወደዚያ ለማዞር ሞክሩ። ከቤተሰብም ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። “ሰሊጡ ሲሸጥ እንልካለን” የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ማለት ሊሆን ይችላል። ገና ማሳ ላይ ያለውን ሰሊጥ በርካሽ ለነጋዴ አስረክቦ ከመመዝገብ፣ ካለፈው ዓመት ሽያጭ ላይ ትንሽ ማስቀረት ይሻላል።

ወረቀቱና መንገዱ

ከሰነዶቹ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። በእጅ የሚያዝ ሳይሆን ከተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደ አዲሱ የሚላክ ነው። ለዚያም የወጪ መጋራት ዕዳችሁን በተመለከተ ማስረጃ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቅበላው እስኪለጠፍ አትጠብቁ፤ ክረምት ላይ ጀምሩት።

ከመተማ ዮሐንስ በገንዳ ውኃ፣ በአይከልና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር የሚገባው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰላም ቀን የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የክልሉ ግጭት መንገዱን አንዴ ሲዘጋው አንዴ ሲከፍተው እያያችሁ ነው። ስለዚህ ለምዝገባው የመጨረሻ ቀን አትነሱ። ቀድማችሁ ውጡ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች “መንገዱ እንዴት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ዳታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። የክፍላችሁ ቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። የዲፓርትመንቱን ጸሐፊና የክፍል ተወካዩን ስልክ ቁጥር ያዙ። መጻሕፍቱንና ሞጁሎቹን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊትም ትምህርታችሁ የሚሰጠው የትኛው ካምፓስ እንደሆነ አረጋግጡ። ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ፋሲልና የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ አንድ ግቢ አይደሉም። በተሳሳተ ሰፈር የተከራየ ሰው የኪራዩን ቅናሽ በባጃጅ ይከፍለዋል። ጋቢም ያዙ! መተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ800 ሜትር በታች ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ። የጎንደር ሌሊት ቆላን አያውቅም።

ትኩሳቱን “ብርድ ነው” አትበሉት

ጎንደር በገባችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳትና ራስ ምታት ቢጀምራችሁ፣ ሁሉም ሰው “የአየር ለውጥ ነው” ይላችኋል። አትስሟቸው፣ ተመርመሩ። ወባ ቆላ ላይ ይዟችሁ ደጋ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ያገረሻል። ሐኪሙ ፊት የመጀመሪያው ቃላችሁ “ከመተማ ነው የመጣሁት” ይሁን።

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳና ሆድ በግራ በኩል ካበጠ ደግሞ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል ነው። ደግነቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ቆላ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ይህን ስም ማወቅ ለራሱም ለክፍል ጓደኞቹም ይጠቅማል።

ቴሲሱ የዝናብ ቀጠሮ አለው

በማስተርስ ለመመረቅ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3.00 አማካይ ውጤት ይፈለጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር “መለማመጃ” አይደለም። ሁለተኛው ዓመት ደግሞ የቴሲስ ነው። የቆላ ልጅ ትልቁ ሀብቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ተማሪ በካርታ የሚያውቀውን እናንተ በእግር ታውቁታላችሁ። ሰሊጥና ጥጥ፣ የእጣን ዛፍ፣ የቀን ሠራተኛው ጤና፣ ቋራ ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የድንበር ንግዱ፣ ሁሉም ርዕስ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። የሰሊጥ ሠራተኛው ለአረም በክረምት፣ ለአጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። ፕሮፖዛላችሁ ጥቅምት ላይ ጸድቆ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ደግሞ ሌላ ሳምንታት ወስዶ ኅዳር ላይ መተማ ብትደርሱ፣ የምትጠይቁት አጫጅ ወደ አገሩ ተመልሷል። ያኔ አማራጩ ርዕስ መቀየር ወይም አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ስለዚህ የአንደኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ሳያልቅ አማካሪያችሁን “ዶክተር፣ መረጃው የሚሰበሰበው በአጨዳ ወቅት ስለሆነ ፕሮፖዛሉን ቀደም ብለው ቢያዩልኝ” ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን የነገራችሁት አማካሪ ይረዳችኋል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ በመተማ በኩል የገቡትን ስደተኞች ማጥናት የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ በተጨማሪ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትን ፈቃድ ጠይቁ። እሱም ጊዜ ይወስዳል።

መጠይቁን በወረቀት አባዝቶ ቆላ ይዞ መውረድም አያስፈልግም። ኮቦኮሌክት የሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክ መረጃ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ስታገኙ ትልካላችሁ። ለማጣቀሻ ዞቴሮ ነፃ ነው፤ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሩት። መስክ ላይ ስታድሩ ደግሞ ከግራር ሥር፣ ከተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬት ላይ አትተኙ፤ የአሸዋ ዝንቧ የምትኖረው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለመጠይቅ የተቀመጠ ገበሬ ሁልጊዜ የሚጠይቀው “ታዲያ ምን ታመጡልናላችሁ?” ብሎ ነው። ብር ለማምጣት ቃል አትግቡ። ቴሲሱ ሲጸድቅ ግን ዋናውን ውጤት በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ስጡ፤ ለጠየቃችኋቸው ሰዎችም አንብቡላቸው። ከእናንተ በኋላ መጠይቅ ይዞ የሚመጣውን የቆላ ልጅ ሰዉ ተቀምጦ የሚያናግረው ያኔ ነው።