ዳባሁ፦ ከመሬት በታች የሆነው

እሳተ ገሞራ ሲባል መቼም አብዛኞቻችን የሚታየን እሳትና ጭስ ነው። አፋር ውስጥ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የሆነው ግን ለየት ይላል። በወሩ 16ኛ ቀን ዳባሁ በተባለው ተራራ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ተፋ። ፍንዳታው አነስተኛ ነበር፤ ዋናው ነገር የተፈጸመው ከሥር ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ጎን እየሰነጠቀ ሄደና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ስንጥቁ በሰፋበት ቦታ 8 ሜትር ደርሷል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል እኮ!

ታዲያ ይህ እንዴት ታወቀ? ኤንቪሳት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት የራዳር ሞገድ ወደ ምድር ልካ የሚመለሰውን ትመዘግብ ነበር። ከክስተቱ በፊትና በኋላ የተነሱት ምስሎች ሲነጻጸሩ መሬቱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በሴንቲ ሜትር ይለካል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በረሃው ድረስ ወርደው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ተከሉ። እንደኔ እንደኔ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ ከሰማይ ሆኖ እረኛን ማነጋገር አይቻልማ።

አደጋው የቀለጠ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው አፋር ሀይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ሰማይ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ብዙው ዜና የአውሮፕላን ነበር። አንድ የአካባቢው አስተዳዳሪ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ፦ ሰውም ከብትም አልሞተም፣ ነገር ግን ብዙ መንደር አመድ ስለለበሰ እንስሳቱ የሚበሉት አጥተዋል።