አብረው ተወልደው የተበተኑ ኮከቦች

በግንቦት ወር ሰማዩ ጥርት ያለ ምሽት ካገኛችሁ፣ 3 ሰዓት ገደማ ወጣ በሉና ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ከፊታችሁ ዝቅ ብሎ የደቡብ መስቀል ይታያል። በግራችሁ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ በሐሳበ ከዋክብት «አቅራብ» የሚባለው ጊንጥ እየወጣ ነው። መሃሉ ላይ ቀላ ብሎ የሚያበራው ኮከብ አንታሬስ ይባላል። ከአንታሬስ እስከ መስቀሉ ድረስ ተዘርተው ከምታዩዋቸው ደማቅ ነጭ-ሰማያዊ ኮከቦች ብዙዎቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቤተሰቡ የስኮርፒዮ-ሴንታውረስ ማኅበር ይባላል። ከእኛ ያለው ርቀት 400 የብርሃን ዓመት አካባቢ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ስብስቦች «ኦ-ቢ ማኅበር» ይባላሉ፤ ኦ እና ቢ በጣም ለጋሉ ኮከቦች የተሰጡ መለያ ፊደሎች ናቸው። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ የኦ ኮከብ ግን ከ30,000 በላይ ነው። ማኅበር ተባለ እንጂ አባላቱ ተጠጋግተው አይኖሩም፤ እርስ በርስ በብዙ የብርሃን ዓመታት ተራርቀዋል።

ወጣት መሆናቸው በምን ታወቀ?

አንደኛው ፍንጭ ነዳጅ ነው። ግዙፍ ኮከብ ብዙ ነዳጅ ቢኖረውም አቃጠሉ ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ፀሐይ በጠቅላላው 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ትኖራለች፤ ከእሷ 20 እጥፍ ቁስ ያለው ኮከብ ግን 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮከብ ዛሬ ሲያበራ ካያችሁት፣ በሰማይ አቆጣጠር ትናንት ነው የተወለደው ማለት ነው።

ሁለተኛውን ፍንጭ ያገኘው አርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቪክቶር አምባርትሱምያን ነው። እሱ በ1947 እ.ኤ.አ. ያነሳው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ኮከቦቹ በጣም ስለተራራቁ ስበታቸው አንድ ላይ ሊያቆያቸው አይችልም፤ የጋላክሲያችን ስበትም ይበትናቸዋል። ታዲያ እስካሁን እንዴት አንድ ሰፈር ተገኙ? አንድ ዓይነት ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መንገድ ላይ ተበታትነው ሲሄዱ ካያችሁ፣ ትምህርት ቤቱ የተለቀቀው አሁን መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ዘመን ኮከቦች ሁሉ የተወለዱት ድሮ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ነበሩ። አምባርትሱምያን ግን ዛሬም እየተወለዱ እንደሆነ አሳየ።

ለምን ተበተኑ?

ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛ የጋዝ ደመና በራሱ ስበት ሲጨማደድ ነው። ከደመናው ኮከብ የሚሆነው ትንሽ እጅ ብቻ ነው፤ ቀሪው ጋዝ በስበቱ አዲሶቹን ኮከቦች ይዞ ያቆያል። ግዙፎቹ ኮከቦች ግን በኃይለኛ ብርሃናቸውና በሚነፍሱት ንፋስ ጋዙን ጠራርገው ያባርሩታል።

ወንጭፍ አስቡ። ድንጋዩ የሚዞረው ገመዱ ስለያዘው ነው፤ ሲለቀቅ በያዘው ፍጥነት ይወረወራል። እዚህ ጋ ገመዱ የጋዙ ስበት ነው። አንድ ኮከብ ከወንድሞቹ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ እየራቀ ቢሄድ፣ በ10 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ 33 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል።

ጋያ የነገረችን

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ አንድ ቀላል ሞዴል ሁሉንም ነገር ሲያብራራ ደስ ይለኛል። የወንጭፉ ሐሳብ ትክክል ከሆነና ሁሉም ከአንድ ጠባብ ቦታ ከተነሱ፣ እንቅስቃሴያቸውን እንደ ቪዲዮ ወደ ኋላ ብናጠነጥነው አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ጋያ ይህንን ለመፈተሽ የሚያስችል መረጃ ሰጠች። የስኮርፒዮ-ሴንታውረስ ኮከቦች እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ሲሰላ ግን አንድ ቦታ ላይ አልተገናኙም! ይልቁንም የተለያየ ዕድሜና አቅጣጫ ያላቸው ብዙ ትናንሽ ቡድኖች ሆነው ተገኙ። ማለትም ብዙዎቹ ገና ከመጀመሪያው በትልቁ ደመና ውስጥ እዚህም እዚያም ነው የተወለዱት። የጋዙ መጥፋት መበተኑን ያግዛል፤ ታሪኩ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ለእኛስ ምን አመጣ?

በውቅያኖስ ወለል ላይ አይረን-60 የሚባል የብረት ዓይነት ተገኝቷል። ይህ ብረት በየ2.6 ሚሊዮን ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምድር ስትፈጠር የነበረው ከጠፋ ቆይቷል። የተገኘው እንግዲህ ኋላ ላይ የመጣ ነው፤ ምንጩም በአቅራቢያችን የፈነዳ ግዙፍ ኮከብ፣ ማለትም ሱፐርኖቫ መሆን አለበት። ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ደግሞ ይኸው የስኮርፒዮ-ሴንታውረስ ማኅበር ነው።

አንታሬስም ተራው ይደርሳል። የቀላው ሊያረጅ ስለተቃረበ ነው፤ ነዳጁን ሲጨርስ እሱም ይፈነዳል። እስከዚያው ግን ግንቦት ላይ ፈልጋችሁ እዩት፤ ቴሌስኮፕ እንኳን አያስፈልጋችሁም።