የአባቴ መላጫና የቅዳሜ ጠዋት



የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ምላጭ። ምላጭ በአገራችን የማይገባበት ሥራ የለም። ተማሪው እርሳስ ይቀርጽበታል፣ ልብስ ሰፊው ስፌት ይፈታበታል፣ እናት የልጆቿን ጥፍር ትቆርጥበታለች። ለተሠራበት ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ለመላጨት፣ ግን ብዙዎቻችን ትተነዋል። ወጣቱ ወይ ፀጉር ቤት ገብቶ በማሽን ይላጫል፣ ወይ ተጠቅመው በሚጥሉት የፕላስቲክ መላጫ በጥድፊያ ጠርጎ ይወጣል። እኔም ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

የምኖረው ጀሞ አንድ፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ልጄ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ አንገቱንም በማሽን እስከ ቆዳው ተላጭቶ መጣ። በሳምንቱ አንገቱ ሙሉ መግል በቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ተሸፈነ። ልጁ በሙቀት ጭምር ሻርፕ እየጠመጠመ መውጣት ጀመረ። ከእኛም ጋር መቀመጡን ተወ። በእኔና በእርሱ መካከል የቀረው ንግግር አራት ቃል ነበር፦ ‹‹በላህ?›› ‹‹በላሁ።›› ‹‹ሰገድክ?›› ‹‹ሰገድኩ።›› ከዚያ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

በዚያው ሰሞን የቤት ካርታ ስፈልግ ከአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የአባቴን መላጫ አገኘሁት። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። ጢሙን አሳድጎ ራሱንና አንገቱን ብቻ ይላጭ ነበር። መላጫው ከብረት የተሠራ፣ እጀታው ሲጠመዘዝ ሦስት ቦታ የሚፈታ፣ አንድ ምላጭ ብቻ የሚይዝ ነው። ሐሙስ ማታ ውኃ ያሞቃል፣ ሳሙናውን በብሩሽ ይመታል፣ ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይላል። እኛ ልጆቹ በዚያ ሰዓት እንዳናስቸግረው እናውቅ ነበር፤ እርሱም በዚያ ሰዓት ተቆጥቶን አያውቅም።

ስለ ጢም ጥቂት ቃል

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህ ጽሑፍ ጢማችሁን ላጩ የሚል አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጢምን ማሳደግን፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ማሳጠርን አዘዋል። ከዚህ በመነሳት አብዛኞቹ ዑለማዎች ጢም መላጨትን ከልክለዋል፤ ከሻፊዒያ ሊቃውንት መካከል ደግሞ መክሩህ ነው ያሉ አሉ። ዝርዝሩን ከዑለማዎቻችን መጠየቅ ነው።

ነገር ግን ምላጭ ለሙስሊም ቤተሰብ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ከፊጥራ ከተቆጠሩት አምስት ነገሮች አንዱ የኀፍረትን አካባቢ ፀጉር መላጨት ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትም ይህና መሰሎቹ ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆዩ ገደብ ተቀምጦላቸዋል። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ራሱ ይላጫል። ሐጅና ዑምራ ያደረገ ወንድ ራሱን ይላጫል ወይም ያሳጥራል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለተላጩት ደጋግመው፣ ላሳጠሩት ደግሞ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ዱዓ አድርገዋል። በሌላ በኩል የራስን ከፊል ላጭቶ ከፊሉን መተው፣ በዐረብኛ ‹‹ቀዘዕ›› የሚባለው፣ በሐዲስ ተከልክሏል። ዛሬ ወጣቶቻችን በየፀጉር ቤቱ የሚያስቆርጡትን ቅርጽ ከዚህ አንጻር ቢያዩት መልካም ነው።

ያች ቀጭን ብረት ከየት መጣች?

አያቶቻችን ይላጩ የነበሩት ዳር እስከ ዳር ስለት ባለው፣ በሚታጠፍ ምላጭ ነው። እርሱን በየጊዜው በድንጋይ መሳልና በቆዳ ላይ ማሸት ያስፈልጋል፤ እጅ ያልለመደ ሰው ከያዘውም አደገኛ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1895 ከቀጭን ቆርቆሮ የሚሠራና ሲደነዝ የሚጣል ምላጭ አሰበ። ቀጭኑን ብረት አጠንክሮ ስለት እንዲይዝ ማድረግ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ ይህን የፈታለት ዊሊያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። ሽያጭ በጀመሩበት በ1903 የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ከ90,000 በላይ መላጫ ሸጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ወደ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ፤ ወታደሩም ሲመለስ ልማዱን ይዞት ገባ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ስለት ያለው መላጫ በ1971፣ ሙሉ በሙሉ የሚጣለው የፕላስቲክ መላጫ ደግሞ በ1975 መጣ። ሥራው ፈጠነ። ከፍጥነቱ ጋር ግን ለፀጉረ ከርዳዳ ሕዝብ አንድ ችግር መጣ። ባለ ብዙ ስለት መላጫ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሲስበው የኋለኛው ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ከርዳዳ ፀጉር ደግሞ ተመልሶ ሲበቅል ታጥፎ ወደ ቆዳው ይገባል። በልጄ አንገት ላይ ያየሁት እብጠት መነሻው ይኸው ነበር፤ ማሽንም ቢሆን ከቆዳ ጋር አጣብቆ ከላጨ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ እብጠቱ እስኪጠፋ ድረስ ምንም ነገር አንገቱን እንዳይነካው አዘዘ። ከሁሉ የበለጠው መድኃኒት ፀጉሩን ማሳደግ መሆኑንም ነገረን። ልጄ ያን ጊዜ ፈገግ አለ። ጢሙን ማሳደግ የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ጉዳዩ የከበደባችሁ ወላጆች የቆዳ ሕክምና ከማግኘት አትዘግዩ፤ ለጀሞ ሰው ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

ልጄ ምላጭ ሲይዝ

የእኔ ፀጉር ከፊት በኩል ከሳሳ ቆይቷል፤ ስለዚህ ራሴን እላጫለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ የአባቴን መላጫ በፈላ ውኃ ቀቅዬ አዲስ ምላጭ አስገባሁበትና በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። የጭንቅላቴን ኋላ ግን ማየት አልቻልኩም። ‹‹ና እስቲ ከኋላ አግዘኝ›› አልኩት። እጁ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

አሠራሩን አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት አስተማርኩት፤ እናንተም ልትሞክሩት ለምትፈልጉ እነሆ።

መጀመሪያ ቆዳውን በሞቀ ውኃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አርጥቡት፤ ውኃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል። ቀጥሎ ብሩሹን ነክራችሁ፣ ውኃውን አራግፋችሁ፣ ሳሙናው ላይ ክብ እየሠራችሁ ወፍራምና እርጥብ አረፋ እስኪያወጣ ምቱት። አረፋውን ቀቡት። መላጫውን ከቆዳው ጋር ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ያዙት። ከዚያ አትጫኑ! የብረቱ ክብደት ራሱ ይበቃል። ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ፣ በአጭር በአጭሩ ሂዱ፤ ምላጩን ቶሎ ቶሎ አለቅልቁ። ያልጠራ ቦታ ካለ እንደገና አረፋ ቀብታችሁ ድገሙት እንጂ በደረቁ አትመለሱ። እብጠት የሚያስቸግረው ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ፈጽሞ አይላጭ። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ቆዳውን ሳያሹ በፎጣ ማድረቅ ነው። በዐረብኛ ‹‹ሸብ›› የሚባለው ነጭ ድንጋይ መሰል ጨው እርጥብ ቆዳ ላይ ሲታሽ ትንንሽ ጭረቶችን ያደርቃል። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ዕድሜው አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት መላጨት አያልፍም።

ጀሞ ውኃ በፈረቃ ሲሆን ጀሪካን መቁጠር የለመደ ሰው ‹‹ይህ ሁሉ ውኃ ከየት?›› ይል ይሆናል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሞቀ ውኃና አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል። ቧንቧ ከፍቶ ከሚላጭ ሰው ይልቅ ይህ ከኢስራፍ የራቀ ነው።

ወደ በረንዳው እንመለስ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፤ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ጸጥ ብሎ ሲላጨኝ ቆየና ‹‹አባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?›› አለኝ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጫት የሚቃምበት ቤት መሄድ ጀምሮ ነበር። እዳም ነበረበት። ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልጮህ ነበር፤ ግን ራሴ አረፋ ለብሷል፣ ምላጩ ከጆሮዬ በላይ ነው። ብንቀሳቀስ እቆረጣለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ምላጩን እያለቀለቀ፣ እየላጨ፣ ሁሉንም ነገረኝ። ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ አይነግረኝም ነበር፤ እኔም ቁጣዬን ይዤ እስከ መጨረሻው አልሰማውም ነበር። ሲጨርስ ራሴን ታጠብኩና ‹‹እዳው ስንት ነው?›› ብቻ አልኩት። በዚያው ቀን አብረን ሄደን ከፈልን። ከዚያ ቤት መራቁ በአንድ ቀን የሆነ ነገር አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ራቀ።

ያን ቀን የኹበይብ ኢብኑ ዐዲይን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወስኩ። ኹበይብ በመካ ምርኮኛ ሆነው የሚገደሉበትን ቀን ሲጠባበቁ ሳለ ራሳቸውን ለማጽዳት ከቤቱ ሴት ምላጭ ተዋሱ። የሴትየዋ ትንሽ ልጅ እርሷ ሳታየው ወደ እርሳቸው ሄደ። ዘወር ስትል ሕፃኑ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፣ ምላጩም በእጃቸው ነው። በድንጋጤ ደረቀች። እርሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ነገር እንደማያደርጉ ነግረው አረጋጓት። ሴትየዋም ከኹበይብ የተሻለ ምርኮኛ አይታ እንደማታውቅ ኋላ መስክራለች። ታሪኩን ቡኻሪ ዘግበውታል። ሞት ፊት ቆመው ንጽሕናን አልተዉም፤ ስለት በእጃቸው ሳለ አማና አላጎደሉም። ለልጄ ይህን ስተርክለት ‹‹ምላጭ ለያዘ ሰው አንገትን መስጠት ማመን ነው፤ አንተን አምኜሃለሁ›› አልኩት።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

አንደኛ፣ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሆንም። በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መጀመሪያ ከታወቁበት ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ደጋግሞ ተነግሯል። ዛሬ የተዘነጋ የሚመስለው ግን ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው፤ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ፀጉር ቤት ስትገቡ ምላጩ ዓይናችሁ እያየ ከወረቀቱ ይውጣ። በእኛም ቤት የእኔና የልጄ መላጫ ለየብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ብሩሽ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ብዙዎቹ ርካሽ የመላጫ ብሩሾች ከአሳማ ፀጉር የሚሠሩ ናቸው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ይህ ነጃሳ ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውን ብትገዙ ከጥርጣሬ ትድናላችሁ፤ ቶሎም ይደርቃል።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ምላጭ በፌስታል አትጣሉ። በየደረጃው እየዞሩ ቆሻሻችንን በማዳበሪያ የሚሰበስቡት ወጣቶች እጃቸው የሚቆረጠው በእኛ ምላጭ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳኑን በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ ምላጩን እዚያ አጠራቅሙ፤ ሲሞላ አሽጋችሁ፣ ለሚወስደው ሰው ነግራችሁ ስጡ። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን እናውቃለን። ንጹሑም ምላጭ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ውድ ወላጆች፣ ውድ ወጣቶች! ሰው ዕረፍት ፍለጋ ብዙ ቦታ ይሄዳል፣ ብዙ ገንዘብም ያወጣል። እኔ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት ያገኘሁት በአንድ ሳህን የሞቀ ውኃ ነው። እጅ በሳሙና ሲረጥብ ስልክ አይነካም፤ ስለት የያዘ ሰውም አይቸኩልም። ልጄ አሁን ሃያ ዓመቱ ነው። ጢሙ አድጓል፣ አንገቱ ድኗል። ቅዳሜ ጠዋት ውኃ የሚያሞቀው እርሱ ነው። ‹‹አባ፣ ውኃው ደርሷል›› ሲለኝ በርጩማዬን ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ እኛንም የሚያዳምጡ ወላጆች ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።